አገሩን ያልጠገበ ዐይን፦ ስለ ሕንዳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ስለ ራጉ ራይ

(አዲስ አበባ ውስጥ ለፎቶግራፍ ባለሙያዎችና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ የመጣችሁ እንግዶች ሁሉ፣ እንደምን አመሻችሁ? ይህን መድረክ ላዘጋጁልን ወገኖች ምስጋናዬን አስቀድማለሁ። ስለ አንድ የውጭ አገር ፎቶግራፍ አንሺ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ አዘጋጆቹ የፓሪስ ወይም የኒው ዮርክ ሰው እመርጣለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን ሳላመነታ ራጉ ራይን መረጥሁ። ለምን? የዓለም ታላላቅ የፎቶግራፍ በሮች ሁሉ ተከፍተውለት ሳለ ዕድሜውን ሙሉ የገዛ አገሩን አንሥቶ አንሥቶ ያልጠገበ ሰው ስለሆነ ነው። እዚህ የተሰበሰብነው አብዛኞቻችን ካሜራ የምንይዘው በተወለድንበት አገር፣ ቋንቋውን በምንናገርለት ሕዝብ መካከል ነው። እንዲህ ያለው ሰው ምን ሊያይ ይችላል? ምንስ ዕዳ አለበት? የራይ ሥራ ለእነዚህ ጥያቄዎች ከማውቃቸው ሁሉ የበለጠ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ንግግሬን በሦስት ጉዳዮች ላይ አደርገዋለሁ። በመጀመሪያ ወደ ሙያው እንዴት እንደገባና የት የት እንደሠራ፣ ቀጥሎ በፎቶግራፉ ምን ለማሳየት ይሻ እንደነበር፣ በመጨረሻም በቦፓል ከተማ ስላነሣቸው ፎቶግራፎች እናገራለሁ። ዘመኑን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወደ መጀመሪያው ጉዳይ ልግባ። ራጉ ራይ በ1942 የተወለደው ጃንግ በምትባል የፑንጃብ ከተማ ሲሆን፣ ይህች ከተማ ዛሬ የምትገኘው በፓኪስታን ውስጥ ነው። በ1947 የእንግሊዝ አገዛዝ አብቅቶ አገሪቱ ሕንድና ፓኪስታን ተብላ ስትከፈል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው አዲሱን ድንበር ተሻገሩ፤ የራይም ቤተሰብ ከእነዚህ መካከል ነበር። ልጁ ያን ጊዜ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም። ስለ ስደተኞች ባነሣቸው ፎቶግራፎች ላይ ስንደርስ ይህን አስታውሱልኝ።

ካደገ በኋላ የተማረው ሲቪል ምሕንድስና ነው፤ ለጥቂት ጊዜም በመንግሥት መሥሪያ ቤት በዚሁ ሙያ ሠርቷል። ካሜራ ያስያዘው ታላቅ ወንድሙ ኤስ. ፖል ነው፤ ፖል ራሱ በሕንድ የጋዜጣ ፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ስሙ በክብር የሚነሣ ባለሙያ ነበር። ራይ የመጀመሪያ ፎቶግራፉን ያነሣበትን ቀን ደጋግሞ ተርኮታል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከወንድሙ ካሜራ ተውሶ ከአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ጓደኛው ጋር ወደ ገጠር ወጣ። በዚያም አንድ የአህያ ውርንጭላ አየ። ቀርቦ ሊያነሣው ሲል ውርንጭላው ሮጠ፤ እሱም ተከተለው፤ የመንደሩ ልጆችም ይህን እያዩ ይስቁ ጀመር። የልጆቹ ሳቅ ደስ ስላሰኘው ማሯሯጡን ቀጠለ። በመጨረሻ ውርንጭላው ደክሞት ቆመ፤ ፀሐይዋም አዘቅዝቃ ብርሃኑ ለስልሶ ነበር። ያን ጊዜ ተጠጋና አነሣው። ወንድሙ ፎቶግራፉን ሲያይ ወደደውና ለንደን ለሚታተመው ለታይምስ ጋዜጣ ላከው፤ ጋዜጣውም ስሙን ጠቅሶ አተመው።

ይህን ታሪክ ብዙዎች እንደ ዕድል ያወሩታል። እኔ ግን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ ዛሬም እናንተን ልጠይቃችሁ። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ውርንጭላው እስኪደክም የምንጠብቀው? ስንቶቻችን ነን ገና ሲሮጥ ከሩቅ አንሥተን፣ ደግሞም “አገኘሁት” ብለን ወደ ቤታችን የምንመለሰው? ራይ በዚያ ቀን ካሜራ መያዝ ገና እየለመደ ነበር፤ ግን መቆየትን ያውቅበት ነበር። ከዚያ በኋላ በሥራው ሁሉ የምናየው ይህንኑ መቆየት ነው።

በ1966 ዘ ስቴትስማን በተባለው ጋዜጣ ተቀጠረ፤ አሥር ዓመት ያህልም በዚያ ሠራ። የዕለታዊ ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ኑሮ ምን እንደሚመስል እዚህ ካሉት አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሪባን ይቆረጣል፣ ቀትር ላይ መግለጫ ይሰጣል፣ ማታ እራት ግብዣ አለ። እኔም በወጣትነቴ በአንድ ጋዜጣ ስሠራ ለስብሰባ ስላክ ይዤ የምመለሰው ፎቶግራፍ አንድ ዓይነት ነበር፤ ባለሥልጣናት፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ የውኃ ጠርሙሶች፣ አበባ። አዘጋጁም የሚፈልገው ያንኑ ነበር። አንድ አዛውንት ባልደረባችን፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ አንድ ቀን ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦ “ልጄ፣ ከአዳራሹ ቀድመህ ድረስ፤ በር ላይ ቁም፤ ማን ማንን እንደሚያስቀድም፣ ማን ለማን እንደሚያጎነብስ ተመልከት። ስብሰባው እዚያ ነው ያለው።”

የአዛውንቱ ቃል በሚገባ የገባኝ ራይ ኢንዲራ ጋንዲን ያነሣበትን አንድ ፎቶግራፍ ባየሁ ጊዜ ነው። ፎቶግራፉ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተነሣ ነው፤ እርሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ገና ብዙ ዓመት አልሆናቸውም። በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የፓርቲያቸው ሰዎች ነጭ ቆባቸውን እንደደፉ ዙሪያቸውን ቆመዋል። ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ሁሉም ቆመዋል፤ የተቀመጡት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ቀለል ያለ የቢሮ ፎቶግራፍ ነው፤ በየጋዜጣው በየቀኑ የሚታተም ዓይነት። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በሕንድ ውስጥ ሥልጣን በማን እጅ እንደነበረ፣ በዕድሜ የገፉ የፖለቲካ ሰዎች በአንዲት ሴት ፊት ምን ዓይነት አቋቋም ይዘው እንደቆሙ፣ ከአንድ ገጽ ሐተታ በተሻለ ይነግረናል። ራይ የተለየ ቦታ አልተፈቀደለትም፤ የተለየ ዕቃም አልያዘም። ሌላው የሚያየውን ጠረጴዛ አይቶ፣ የቆሙትን ሰዎች ጨመረበት።

አሁን ወደ 1971 ልውሰዳችሁ። በዚያ ዓመት ዛሬ ባንግላዴሽ ከምትባለው፣ ያን ጊዜ ግን ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል ከነበረችው ምድር፣ የፓኪስታን ሠራዊት ከከፈተው ጭፍጨፋ ሸሽተው አሥር ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወደ ሕንድ ገቡ። በታኅሣሥ ወር ሕንድ ጦርነቱ ውስጥ ገባች፤ ታኅሣሥ 16 ቀንም በዳካ የፓኪስታን ጦር እጁን ሰጠ። ራይ ሁለቱንም፣ ስደቱንም ጦርነቱንም፣ አንሥቷል። የጦርነቱ ፎቶግራፎች ጥሩ ናቸው፤ የስደተኞቹ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣሉ። በዝናም ውስጥ የቆሙ ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ከእንግዲህ ወዴት እንደሚሄዱ የማያውቁ ፊቶች። ቅድም አስታውሱልኝ ያልኋችሁን አሁን አስታውሱት፤ እነዚህን ሰዎች ያነሣው ሰው እሱ ራሱ በሕፃንነቱ በሌላ ድንበር ላይ እንዲሁ የተሻገረ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚመለከት ካሜራ አይደለም፤ በሰዎቹ ዐይን ትይዩ የቆመ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ ኔጋቲቮች፣ ማለትም ፎቶግራፉ የሚታተምባቸው ዋና ፊልሞች፣ ለረጅም ዓመታት ጠፍተው ከቆዩ በኋላ ተገኝተው በመጽሐፍ መታተማቸው ለሁላችንም ትልቅ ነገር ነው። የሕንድ መንግሥትም በ1972 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የክብር ሽልማት ሰጠው።

በዚያው ዘመን ሥራዎቹ በፓሪስ በዴልፒር ማሳያ አዳራሽ ቀረቡ፤ ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶንም አያቸው። ካርቲዬ ብሬሶን ማን እንደነበር ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። በ1977 ራይን ማግነም ወደ ተባለው የፎቶግራፍ አንሺዎች ማኅበር እንዲገባ በእጩነት አቀረበው። አስቡት፤ ከዚያ በኋላ ራይ ሻንጣውን ይዞ ዓለምን መዞር፣ ከአንዱ ጦርነት ወደ ሌላው መብረር ይችል ነበር፤ ብዙዎቹ የማኅበሩ አባላት የሚኖሩት እንዲህ ነበርና። እሱ ግን ዴልሂ ቀረ። በካልካታ ይታተም የነበረ ሳንዴይ የተባለ ሳምንታዊ መጽሔት የፎቶግራፍ አዘጋጅ ሆነ፤ ከ1982 ጀምሮም እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ኢንዲያ ቱዴይ በተባለው መጽሔት ሠራ። እዚያ ፎቶግራፍ የጽሑፍ ማጀቢያ መሆኑ ቀርቶ ገጽ በገጽ ራሱን ችሎ የሚተርክ ሆነ።

ስለዚህ መጽሔት ትንሽ ከመንገዴ ወጣ ልበል። በዕድሜ ከእኔ ጋር የምትቀራረቡ ሰዎች ሕንዳውያን መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ያስተምሩን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በእኛ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምሩን መምህር ከአገራቸው በፖስታ የሚላክላቸው መጽሔት ነበር፤ ካነበቡት በኋላ ለሚፈልግ ተማሪ ይሰጡ ነበር። እኔ እንግሊዝኛው ብዙም ስለማይገባኝ ፎቶግራፎቹን ብቻ እመለከት ነበር። አንድ ጊዜ መምህራችን ከኋላዬ መጥተው ቆሙና የማየውን ገጽ አብረውኝ አዩ፤ ከዚያም በፎቶግራፉ ጥግ ላይ፣ ከበሬ ጋሪ ጀርባ፣ በትንሹ የሚታየውን አንድ ሰው በጣታቸው አሳዩኝ። “ይህን አየኸው?” አሉኝ። አላየሁትም ነበር። ያ መጽሔት ኢንዲያ ቱዴይ እንደነበር ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ፎቶግራፉ የራይ ይሁን የሌላ ዛሬ ማረጋገጥ አልችልም፤ ነገር ግን ጥግ ጥጉን ማየት የተማርሁት ከሒሳብ መምህሬ ነው፤ ራይን በኋላ ባገኘሁት ጊዜም ለማየት የተዘጋጀ ዐይን ነበረኝ።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ያደርሰኛል። ራይ ምን ለማሳየት ይፈልግ ነበር? እሱ ራሱ ስለ አገሩ ሲናገር፣ ሕንድ ውስጥ በርካታ ክፍለ ዘመናት ጎን ለጎን አብረው መኖርን ተምረዋል ይላል፤ ስለዚህ ብዙ ቋንቋ፣ ብዙ ባህል፣ ብዙ ሃይማኖት ያለባት አገር ፎቶግራፍም ይህን ሁሉ ድርብርብ ነገር በአንድነት መያዝ አለበት ብሎ ያምናል። ይህ የፍልስፍና ጌጥ አይደለም፤ ፍሬሙን፣ ማለትም በምስሉ ክልል ውስጥ የሚገባውን፣ የሚሠራበት ሕግ ነው። ካርቲዬ ብሬሶን ሁሉም ነገር በአንድ ቅጽበት ተገጣጥሞ የሚቆምበትን ጊዜ ይጠብቅ ነበር፤ ራይም ከእርሱ ብዙ ተምሯል። ነገር ግን የዴልሂ ወይም የካልካታ መንገድ ለአንድ ክንውን ብቻ አይታዘዝም። በአንድ ጊዜ አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ይሸጣል፣ አንዱ ይተኛል፣ ላም ታልፋለች፣ ከበላይ የፊልም ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ ይህን ሁሉ እንደ እንቅፋት ቆጥሮ ይቆርጠዋል። ራይ አይቆርጥም። ሰፊ ሌንስ ይጠቀማል፣ በኋላም አግድም ረጅም ምስል የሚያወጣ የፓኖራማ ካሜራ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ጥግ የየራሱ ወሬ እንዲኖረው፣ ሆኖም አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው አድርጎ ያስቀምጣል። ይህ እጅግ አስቸጋሪ ሥራ ነው! ባዶ ግድግዳ ፊት አንድ ሰው አቁሞ የተዋበ ፎቶግራፍ ማንሣት ለሁላችንም ይቻላል። በመርካቶ መካከል ቆማችሁ ሃያ ሰው በአንድ ፍሬም ውስጥ ሳይምታታ ለማስቀመጥ ሞክሩ፤ ያን ጊዜ የዚህ ሰው ክብደት ይገባችኋል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። በ1995 በሙምባይ ቸርችጌት ባቡር ጣቢያ የተነሣው ፎቶግራፍ። ከሥራ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ሥራ የሚጣደፈው ሕዝብ በመድረኩ ላይ እንደ ጎርፍ ይፈሳል። ራይ ካሜራውን አጽንቶ የሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ፣ ፍጥነት አዘገየው። የሚንቀሳቀሰው ሕዝብ ሁሉ ጭጋግ ሆነ፤ ፊት የለውም፣ እግር የለውም። በዚያ ጭጋግ መካከል ግን ጋዜጣውን ዘርግቶ የሚያነብ ሰው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ስላልተንቀሳቀሰ። እዚህ ላይ ዘዴውን ብቻ አትመልከቱ፤ ዘዴውንማ ማንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማረዋል። ጥያቄው ማንን አጥርቶ ማንን አደበዘዘ የሚለው ነው። በዚያ ከተማ ለራሱ ጥቂት ደቂቃ ማግኘት የቻለ ሰው፣ ያችን ደቂቃ በማግኘቱ ብቻ፣ ሰው ሆኖ ይታያል።

ይህ ሰፊ እይታ እንዳለ ሆኖ፣ ራይ ከአንድ ሰው ጋር ለብዙ ዓመታት መኖርንም ያውቅበታል። ማዘር ቴሬዛን ማንሣት የጀመረው በ1970 ነው። እኅቶቻቸው በእኛም ከተማ ስለሚያገለግሉ ያን ዳርቻው ሰማያዊ የሆነ ነጭ ሳሪ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ራሱ እንደተረከው፣ ካልካታ ሄዶ ከእርሳቸው ጋር እየተነጋገሩ ሳለ ግማሽ መጋረጃ በነፋስ ሲውለበለብ ከወዲያ በኩል የሚመጡት መነኮሳይያት መላእክት መስለው ታዩት፤ ወዲያውኑ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ማንሣት ጀመረ፤ እርሳቸውም ደንግጠው ምን እንደሚያደርግ ጠየቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ 1997 ድረስ፣ እርሳቸው እስካረፉበትና እስከ ተቀበሩበት ቀን ተመላለሰ። እነዚህን ሥራዎች በቅደም ተከተል ብታዩአቸው እየቆየ ካሜራው እየቀረበ፣ እጅና ፊት እየጎላ፣ የዓለም ዝነኛዋ ሴት እየቀሩ አንዲት የደከሙ፣ የሚጸልዩ እናት ሲመጡ ታያላችሁ። ዝናቸውን ለማንሣት አንድ ጉዞ ይበቃ ነበር። ድካማቸውን ለማንሣት ግን ሃያ ሰባት ዓመት አስፈለገ።

በሕንድ ክላሲካል ሙዚቃ ሊቃውንትም ላይ የሠራው እንዲሁ ነው። ሸህናይ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ በዓለም ያስከበሩትን ቢስሚላህ ካንን በመድረክ ላይ ያነሡ ብዙ ናቸው፤ ራይ ግን ቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ በልምምድና በዕረፍት ጊዜያቸው ጭምር አነሣቸው። ሙዚቃውን በእውነት የሚወድ ሰው ስለሆነ መቼ ዝም ማለት፣ መቼ ካሜራውን ማውረድ እንዳለበት ያውቃል። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን አጥብቄ እነግራችኋለሁ፦ የምታነሡትን ነገር ውደዱት፤ ካልወደዳችሁት ቢያንስ እወቁት። ዘፋኝ የምታነሡ ከሆነ ዘፈኑን አድምጡ። ገበሬ የምታነሡ ከሆነ ወቅቱ የእርሻ ይሁን የአጨዳ ለዩ።

ስለ ሽልማቶቹ ረጅም ነገር አልናገርም። በ1992 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ስለ ሕንድ የዱር አራዊት አያያዝ ባወጣው ሥራ አሜሪካ ውስጥ የዓመቱ ፎቶግራፍ አንሺ ተብሏል፤ በ2019 ደግሞ የፈረንሳይ የጥበባት አካዳሚ በዊልያም ክላይን ስም ያቋቋመውን የፎቶግራፍ ሽልማት ከሁሉ አስቀድሞ የተቀበለው እሱ ነው። መጻሕፍቱ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ስለ ዴልሂ፣ ስለ ካልካታ፣ ስለ ሲኮች፣ ስለ ታጅ ማሐል፣ በስደት ስላሉ የቲቤት ሰዎች። ሁሉም እኩል ናቸው አልልም። ከአንዳንዶቹ፣ በተለይም ከታወቁ ሕንጻዎች የቀለም ፎቶግራፎች ይልቅ፣ ጥቁርና ነጩ የመንገድ ሥራው ይበልጥብኛል፤ በቀለሞቹ ውስጥ ውበቱ አንዳንድ ጊዜ ሰውን ይሸፍነዋል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የሚቃወመኝ ካለ በውይይቱ ጊዜ በደስታ እሰማለሁ።

አሁን ሦስተኛው ጉዳይ ላይ ደርሻለሁ። እባካችሁ ታገሡኝ፤ ለዚህ ምሽት የመጣሁት በዋናነት ይህን ለመናገር ነው።

በ1984 ታኅሣሥ 2 ለ3 አጥቢያ ሌሊት፣ በመካከለኛው ሕንድ በምትገኘው በቦፓል ከተማ፣ ዩኒየን ካርባይድ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፀረ ተባይ ፋብሪካ መርዘኛ ጋዝ ወጣ። ሜቲል አይሶሳያኔት የሚባለው ኬሚካል ወደ አርባ ቶን ገደማ በተከማቸበት ጋን ውስጥ ውኃ ገብቶ ኬሚካሉ ፈላ። ኬሚካሉን ማቀዝቀዝ የነበረበት መሣሪያ አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር፤ የሚያመልጠውን ጋዝ ማቃጠል የነበረበት ማማም ለጥገና ተፈትቶ ነበር። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየሄደ በፋብሪካው ዙሪያ የተኮለኮሉትን የድሆች መንደሮች በእንቅልፋቸው አገኛቸው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ለጋዙ ተጋልጧል። የክልሉ መንግሥት ያረጋገጠው የሟቾች ቁጥር 3,787 ነው፤ የተጎጂዎች ማኅበራት ግን እውነተኛው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ራይ ወሬው እንደተሰማ ሄደ። ያነሣቸው ብዙ ናቸው። አንድ ሰው የሞተች ሚስቱን አስከሬን ተሸክሞ ጭር ባለው ፋብሪካ አጠገብ ሲያልፍ የሚያሳየው አለ፤ የገደላት ነገር የወጣበት ፋብሪካ ከኋላው ቆሟል። ሁላችሁም የምታውቁት ግን ሌላው ነው፤ ስሙ ያልታወቀው ሕፃን ቀብር። ድንጋይና አፈር ብቻ ነው የሚታየው፤ በመካከሉ የአንድ ሕፃን ፊት፤ ዐይኖቹ ተከፍተዋል፤ ከላይ የአንድ ሰው እጅ ፊቱን ነክቷል። ሌላ ምንም የለም። ቅድም ስለ ሃያ ሰው በአንድ ፍሬም፣ ስለ ድርብርብ ክፍለ ዘመናት የነገርኋችሁ ያ ፎቶግራፍ አንሺ በዚህ ቀን ሁሉንም አስወግዶ አንድ ፊትና አንድ እጅ ብቻ አስቀረ። የራሱን ሕግ መተው ያለበትን ጊዜ አወቀ።

በዚያ መቃብር አጠገብ ሌላም ሕንዳዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ፓብሎ ባርቶሎሚው። እሱ ያንኑ ሕፃን በቀለም አነሣው፤ የእሱ ፎቶግራፍ የ1984 የዓለም ፕሬስ ፎቶ ታላቅ ሽልማትን አገኘ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ማየት ለማንኛውም ተማሪ ታላቅ ትምህርት ነው። የባርቶሎሚው ቀለም ጊዜውንና ቦታውን ይነግራችኋል፤ የአፈሩ መልክ፣ የቆዳው መልክ ሁሉ ዛሬ የሆነ ያህል ይሰማችኋል። የራይ ጥቁርና ነጭ ፊቱን ከአፈሩ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ አድርጎ፣ ሕፃኑ ወደ መሬት እየተመለሰ መሆኑን ያሳያችኋል። የትኛው ይበልጣል ብሎ መፍረድ የሚገባኝ አይመስለኝም። ሁለቱም እዚያ መኖራቸው ግን መልካም ሆነ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። የሞተ ሕፃን ፊት ማንሣት ተገቢ ነውን? ለእኛ ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፣ ከቦፓል ስድስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው ፊልም በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አነቃንቋል። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ምስሎች እስከ ዛሬ የት እንደሚታዩ፣ እንዴት እንደሚያሳምሙን ታውቃላችሁ። አክስቴ በዚያ ዘመን ከወሎ ተሰድደው በኮረም መጠለያ ያለፉ ሴት ናቸው። አንድ ጊዜ በቤቴ መደርደሪያ ላይ የነበረ የዚያ ጊዜ ፎቶግራፎች ያሉበትን መጽሐፍ አገኙና ተቀምጠው ይገልጡት ጀመር። እንዳይከፋቸው ብዬ ልወስድባቸው ስል ከለከሉኝ። በእያንዳንዱ ገጽ እየቆሙ “ይቺ የማን ልጅ ናት? ስሟ ማን ይባላል?” እያሉ ጠየቁኝ። ከፎቶግራፉ ሥር የተጻፈውን አነበብሁላቸው፤ የቦታው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ መጽሐፉን ዘጉትና “መሞታችንን ማሳየቱስ ይሁን፤ ካላዩን ማን ይደርስልን ነበር? ስማችንን መጻፍ ግን ለምን ከበዳቸው?” አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ ለማንኛውም የመከራ ፎቶግራፍ አቀርባለሁ፤ ለራይም አቅርቤአለሁ። የቦፓሉ ሕፃን በእርግጥ ስሙ አልታወቀም፤ ወላጆቹ ማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት እነርሱም በዚያው ሌሊት አልቀው ይሆናል። ራይ ስሙን ሊጽፍ አይችልም ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? ተመለሰ። ኩባንያው በ1989 በ470 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከሕንድ መንግሥት ጋር ተስማምቶ ጉዳዩ አበቃ ከተባለ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የመጽሔቶቹ ዐይን ወደ ሌላ ከዞረ በኋላ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግሪንፒስ ከተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ጋር ወደ ቦፓል ተመለሰ። ፋብሪካው እንደተዘጋ ቆሞ ነበር፤ የተተወው ኬሚካል ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ሰርጎ፣ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ያንን ይጠጡ ነበር። ራይ በዚህ ጊዜ ያነሣው የተረፉትን ነው፤ የታወሩትን፣ ሳምባቸው የተቃጠለውን፣ ባል ወይም ልጅ የቀበሩትን፣ መፈክር ይዘው ፍርድ የሚጠይቁትን ሴቶች። ከፎቶግራፎቹ ሥር ስማቸው አለ። ማን እንደሞተባቸው፣ ምን እንደሚያማቸው ተጽፏል። ሥራዎቹ አደጋው የደረሰበት ሃያኛ ዓመት ሲታሰብ በመጽሐፍ ወጡ፤ ዐውደ ርእዩም በበርካታ አገሮች ተዘዋውሮ የተጎጂዎቹ የፍትሕ ትግል አካል ሆነ።

አንዳንድ ሐያስያን የኋለኞቹ ፎቶግራፎች እንደ መጀመሪያው አይመቱም ይላሉ። እውነት ነው፤ እንደ ሕፃኑ ፊት ዐይን ላይ የሚተከል አንድም የለባቸውም። እኔ ግን ለዚህ ሰው ካለኝ አክብሮት የሚበልጠውን ድርሻ የሰጠሁት ለእነዚህ ነው። የመጀመሪያው የተነሣው ዓለም ሁሉ ወደ ቦፓል በሚያይበት ሳምንት ነው፤ ያን ሳምንት ማንም ካሜራ ያለው ሰው ይሄድ ነበር። ሁለተኛዎቹ ማንም በማያይበት ጊዜ ተነሡ። ቤቱ ዴልሂ የሆነ ሰው፣ ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው፣ በባቡር ተሳፍሮ የሚደርስ ሰው ካልተመለሰ ማን ይመለስ ነበር? ራይ ከአገሩ አለመውጣቱን አንዳንዶች እንደ ጥበት ሲቆጥሩት እሰማለሁ። እኔ ግን መልሴ ቦፓል ነው፤ መመለስ የሚችለው ያልሄደ ሰው ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ እናንተን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ባለፉት ዓመታት ያነሣችኋቸውን ሰዎች አስቡ። ሐዘን ላይ፣ ችግር ላይ፣ መፈናቀል ላይ ያነሣችኋቸውን። ስማቸውን ጽፋችኋል? ካልጻፋችሁ አሁንም ልታገኟቸው ትችላላችሁ? ፎቶግራፋቸውን አሳትማችሁ ሰጥታችኋቸዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ለውይይቱ አቀርባለሁ፤ በተለይ በጋዜጠኝነት ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ አዘጋጆቻችሁ ለተመላሽ ጉዞ ገንዘብ በማይሰጡበት ሁኔታ ይህ እንዴት እንደሚቻል ልምዳችሁን እንድታካፍሉን እጠይቃለሁ።

አሁን የተወሰኑ ሥራዎቹን በስክሪኑ ላይ እናያለን። ከ1971 ስደተኞች እንጀምራለን፤ ቀጥለን የኢንዲራ ጋንዲን፣ የማዘር ቴሬዛንና የቸርችጌትን እናያለን፤ የቦፓሉን በሁለት ክፍል፣ የ1984ቱን ለብቻ፣ የኋለኛውን ለብቻ አድርጌ አዘጋጅቼዋለሁ። የኋለኛው ክፍል ሲደርስ ከየፎቶግራፉ ሥር ያለውን ጽሑፍ በአማርኛ አነብላችኋለሁ። ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ የ1984ቱ ከመጀመሩ በፊት አስታውቃለሁ። ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።